«ሲፖቴ» ስድብ ነው ወይስ ቁልምጫ? የአንድ ረጅም ክር ወሬ

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። የጻፈችው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እናት ናት። መድረኩ የሐበሻ ወላጆች በኢንተርኔት የሚያወሩበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስለ ክትባት፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባና አማርኛ አልናገር ስላሉ ልጆች ይወራበታል። የዚህችኛዋ ጥያቄ ግን ለየት አለ።

ሁለት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ አላት። ቀን ቀን የምትጠብቀው ከኤል ሳልቫዶር የመጣች፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ናት። ሴትዮዋ ልጁን በስሙ ጠርታው አታውቅም። አንዴ «ሲፖቴ» ትለዋለች፣ አንዴ «ቢቾ»፣ ሲላት ደግሞ «ፓፒቶ»። እናት ስልኳን አውጥታ የስፓኒሽ ትርጉሙን ፈለገች። የመጀመሪያው የወንድ ብልት የብልግና ስም ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ተባይ፣ ነፍሳት። ባልየው ይህን ሲሰማ ነገ ጠዋት ሞግዚት እንቀይር አለ። ልጁ ግን ሲፖቴ ሲባል ዞር ብሎ ይስቃል። ስድብ ነው ወይስ ቁልምጫ፣ የሚያውቅ ይንገረኝ ብላ ለጠፈችው።

ከአርባ በላይ መልስ መጣ። ሁሉንም አነበብኩት። እዚህ የማወራው ግን ሁሉንም አይደለም፤ አንዳንዱ ልከታተል ነው ከማለት ያለፈ ነገር የለውም።

መልስ 1 አጭርና ጨዋ ነበር። የጻፈው አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ ሳልቫዶራውያን ናቸው። በእነሱ አገር ሲፖቴ ልጅ ማለት ነው፣ ቢቾም እንደዚያው፣ ለሴት ሲሆን ሲፖታና ቢቻ ይባላል ሲል አስረዳ። ባልሽን አረጋጊው ብሎ ወጣ።

ነገሩን ያጦዘው መልስ 2 ነው። ይሄኛው ከማድሪድ ነው የሚጽፈው። ሲጀምር በትሕትና ነበር። እሱ በሚኖርበት አገር ይህ ቃል በሰው ፊት እንደማይወጣ፣ ሜትሮ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገረው ሰው ቢኖር ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እንደሚያየው ገለጸ። ወረድ ብሎ ግን ጨከነ። ልጁን ለማያውቀው ሰው የሚያስረክብ ወላጅ ቢያንስ የሴትዮዋን አፍ ቢመረምር ምን አለበት ብሎ ነገር ጣል አደረገ።

መልስ 3 ባሏ ሆንዱራሳዊ የሆነ ሴት ናት። አማቷ ልጆቿን እራት የምትጠራቸው በዚሁ ቃል ነው። ሆንዱራስና ኒካራጓም ሲፖቴ ልጅ ነው። ስለዚህ የማድሪዱ ሰው ማድሪድ ላይ ልክ ነው፣ ሜሪላንድ ላይ ግን አይሠራለትም አለች። አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረች። «ቢቾ»ን ፖርቶሪካዊ ፊት እንዳትደግሚው፣ እዚያ ብልግናው የሱ ነው። አስቡት እንግዲህ። አንዱ ቃል ስፔን ላይ ነውር፣ ኤል ሳልቫዶር ላይ ማሙሽ። ሌላው ኤል ሳልቫዶር ላይ ማሙሽ፣ ፖርቶሪኮ ላይ ነውር። ምስኪን ልጅ በሁለቱም ይጠራል።

ለኔ ጥያቄው እዚሁ ተመልሷል። እናትየው ግን መልስ 4 ላይ አመሰገነችና ሌላ ጥያቄ ወረወረች። እሺ ሲፖቴው ይሁን፤ ግን ሁለት ዓመት የሆነውን ልጅ «ፓፒ» ማለት ምን ይባላል? ፓፒ አባዬ ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ 5 ሳቅ ብቻ ነበር፣ አንድ መስመር ሙሉ። ቀጥሎ ግን የጥያቄዋን መልስ ከራሷ አፍ አወጣላት። አንቺስ ልጅሽን ምን እያልሽ ነው የምታስተኚው ብሎ ጠየቃት። አባቴ፣ አባዬ፣ የኔ አባት አትይውም? ሴት ብትሆንስ እናቴ፣ እማዬ አትያትም ነበር? መልስ 6 እና 8 ወዲያው ደገፉት። በካሪቢያን አገሮች፣ በመካከለኛው አሜሪካና በኮሎምቢያ ወላጅ ወንድ ልጁን ፓፒ፣ ፓፒቶ፣ ሴት ልጁን ማሚ፣ ማሚታ ይላል። ትልልቅ ሰዎች እርስ በርስ ሲባባሉ ሌላ ጣዕም አለው፤ እሱን ዘፈን የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ለሕፃን ሲባል ግን ከኛ አባቴ ምንም ልዩነት የለውም።

መሐል ላይ መልስ 7 ከቤሩት ገባ። ሊባኖስ ቤት ውስጥ ለዓመታት የሠራች እህት ናት። እዚያም የቤቱ እናት ልጇን ማማ እያለች ትጠራዋለች፣ አባትየው ደግሞ ባባ። መጀመሪያ ሰሞን ልጁ እናቱን የሚጠራ እየመሰላት ግራ ትጋባ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሲገባት፣ የራሷ እናት ደሴ ላይ ሆና በስልክ እማዬ ስትላት እንግዳ ነገር ሆኖባት እንደማያውቅ አስታወሰች። ከክሩ ሁሉ ይቺን አጭር መልስ ወደድኳት።

ቀጥሎ የመጣው የክሩ ትልቁ ጽሑፍ ነው፣ መልስ 9። ጸሐፊው ኩባ ያደገ ሰው ነው። ከሶማሌ ወረራ በኋላ ወደዚያ ከተላኩት የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነው። የወጣቶች ደሴት የምትባለው ደሴት ላይ ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ይሠራሉ። ሲደርሱ ስፓኒሽ የሚባል ነገር አንድ ቃል አያውቁም። ምግብ ቤት ውስጥ አንዲት ወፍራም ሴት ሩዝና ጥቁር አደንጓሬ እየጨለፈች ለእያንዳንዱ ልጅ «ሚ ቢዳ» ትላለች። ሕይወቴ ማለት ነው። ልጆቹ ግን የምግቡ ስም መሰላቸው። በማግስቱ ተሰልፈው ሳህናቸውን ዘርግተው ሚ ቢዳ፣ ሚ ቢዳ እያሉ ጠየቋት። ሴትዮዋ ጭልፋዋን ጥላ ሄደች። የተናደደች መስሏቸው ደነገጡ። ኋላ ሲያዩ ጓደኞቿን ከጓዳ ጠርታ እየመጣች ነው፤ እስቲ እንደገና በሉት ልትላቸው።

ይህ ሰው ስለ ቋንቋውም ብዙ ነገረን። ስፓኒሽ ማቆላመጥ ሲፈልግ ከቃሉ ጫፍ ላይ ይቀጥላል። የታወቀው -ኢቶ ነው፣ ለሴቴ -ኢታ። ቺኮ ትንሽ፣ ቺኪቶ ትንሽዬ። ኩባ ውስጥ ግን ቃሉ «ት» ድምፅ ላይ ካለቀ -ኢኮ ይሆናል። ሞሜንቶ ሞሜንቲኮ ይሆናል፣ ቆይ አንዴ ለማለት። በጣም ትንሽና በጣም የሚወደድ ነገር ደግሞ ቺኪቲኮ። እሱ አሜሪካ ገብቶ እንዲህ ሲናገር ሜክሲኮዎቹ ወዲያው ኩባዊ ነህ ይሉታል፤ መልኩን አይተው ደግሞ ይጠራጠራሉ። ኮስታሪካዎችም ይህ ልማድ ስላላቸው ጎረቤቶቻቸው «ቲኮ» ብለው ሰይመዋቸዋል። አገር በቁልምጫ ድምፅ ሲጠራ ሌላ አላውቅም።

ሲጨርስ የ«ጓጓ»ን ነገር አነሳ። ኩባ፣ ፖርቶሪኮ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክና የካናሪ ደሴቶች ላይ ጓጓ አውቶቡስ ነው። ቺሊ፣ ኢኳዶርና ቦሊቪያ ላይ ግን ሕፃን ነው፣ ከኬቹዋ ቋንቋ የመጣ። አንድ ቀን ሥራ አርፍዶ ገባና ለቺሊያዊት አለቃው ጓጓው ስለሞላ መንገድ ላይ ጥዬው በእግሬ መጣሁ አላት። የሴትዮዋን ፊት እናንተው ገምቱት። መልስ 15 ይህን ይዞ በአማርኛ ቀለደ። ጓጓ ሲባል ለኛ መቋመጥ ነው፣ የአዲስ አበባን የታክሲ ሰልፍ ለሚያውቅ ከኩባው ትርጉም ብዙም አይርቅም አለ። ኒውዮርክ ኩዊንስ የሚኖር ሌላ ሰው ደግሞ ኢኳዶራዊት ጎረቤቱ በየዓመቱ ኖቬምበር 2፣ የሙታን መታሰቢያ ዕለት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን የሚመስል ዳቦ እንደምታመጣላቸው ጻፈ። የዳቦው ስም ጓጓ ነው። በክሬም ዓይንና አፍ ይሣልለታል፤ ከወፍራም ወይንጠጅ መጠጥ ጋር ይበላል። ልጁ ጭንቅላቱን አልገምጥም ብሎ እያለቀሰ ከእግሩ እንደሚጀምር ነገረን።

ቅድም ዘለልኩት እንጂ መልስ 10 የማድሪዱ ሰው ነበር፣ ተመልሶ። በጣም ተናዷል። ኩባ የተማረ ሰው ስለ ትክክለኛ ስፓኒሽ ሊነግረኝ አይገባም፣ ቋንቋው ባለቤት አለው፣ አካዳሚ አለው አለ። መልስ 11 በጣም ረጋ ያለ ሰው ነው። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1713 የተቋቋመ መሆኑን፣ መዝገበ ቃላቱም ሲፖቴ በኤል ሳልቫዶር፣ በሆንዱራስና በኒካራጓ ልጅ ማለት እንደሆነ መዝግቦ እንደያዘ ነገረው። መዝገበ ቃላት የሚጠቅስ ሰው እስከ መጨረሻው መስመር ቢያነብ ጥሩ ነው ብሎ አሳረገ። መልስ 12 ግን ርጋታ አልነበረውም። ሜክሲኮ ብቻዋን ከስፔን ሁለት እጥፍ በላይ ሕዝብ አላት፣ ባለቤት የሚባለው ማን ነው ብሎ ጀመረ። ከዚያ ስለ ሰውየው አስተዳደግ አንዳንድ ነገር ጨመረ። አወያይዋ መልስ 13 ላይ ገብታ ከአስተዳደግ ወደ ልጅ አስተዳደግ እንመለስ አለች።

የማድሪዱን ሰው ዝም ያሰኘችው ግን የባርሴሎናዋ ናት፣ መልስ 14። እዚያው ስፔን ነው ያለችው። ስፔን ራሷ መች በአንድ አፍ ታቆላምጣለች አለችው። ጋሊሺያ ላይ -ኢኞ፣ አስቱሪያስ ላይ -ኢን፣ ሙርሲያና አራጎን ላይ -ኢኮ፣ ሴቪያ ላይ -ኢዮ። ትንሽ ልጅ ራሱ በየክልሉ ስሙ ይለያያል። በየትም አገሩ ክሪዮ ወይም ፔኬ ይባላል። አስቱሪያስ ሲገባ ጓሄ ይሆናል፤ ይህ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የመጣ ነው፣ የቆፋሪ ረዳት የነበረ ልጅ። ቻባል የሚለው፣ ማድሪድ ራሷ ቀኑን ሙሉ የምትጠራው ቃል፣ ጂፕሲ ይባሉ ከነበሩት ከሮማ ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ነው። ሳጋል የሚባለው የእረኛ ልጅ ደግሞ ከዐረብኛ። ንጹሕ የምትለው ስፓኒሽ የቱ እንደሆነ እስቲ አሳየን ብላ ጠየቀችው። ሰውየው እስከ መልስ 32 ድምፁ አልተሰማም።

መልስ 17 ከቴክሳስ ነው፣ ከሳን አንቶኒዮ። ሜክሲኮዎችን አነሳ። ትንሽ ልጅን ቻማኮ፣ ቻቦ፣ ሲያበሳጭ ደግሞ «እስኩዊንክሌ» ይሉታል። የመጨረሻው ቃል ከናዋትል ነው፣ ከአዝቴኮች ቋንቋ፤ መሠረቱ ውሻ ነው። ጸጉር የሌለው የሜክሲኮ ውሻ ስም ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። በሰሜን ሜክሲኮና በደቡብ ቴክሳስ ደግሞ «ዌርኮ» ይባላል። ይህ ከሮማውያን የሙታን ዓለም አምላክ ከኦርኩስ የወረደ ነው፤ በድሮ ስፓኒሽ ሰይጣን ማለት ነበር። ቺሊ ላይ ካብሮ ቺኮ ነው፣ ትንሹ ፍየል እንደማለት።

ይህ አንዳንዶቹን አስቆጣ። መልስ 18 ልጅን ውሻና ሰይጣን የሚል ሕዝብ ልጅ ይወዳል ብዬ አላምንም አለች። መልስ 19 አልታገሣትም። ኩታራ ማለት ምስጋና ነው? ንፍጣም የሚል ቃል ከየት መጣ? እናቶቻችን ልጅ ስኳር ሲደፋ ይሄ ሰይጣን አይሉም? ስፓኒሽም ንፍጣም የሚል ቃል አለው፣ ሞኮሶ፣ ቁርጥ የኛው ነው አላት። እኔ ከመልስ 19 ጋር ነኝ። ልጅ የሚያበሳጭበት ሰዓት አለ፤ ቋንቋም ለዚያ ሰዓት ቃል ያዘጋጃል።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። ነገሩን የጀመረችው መልስ 20 ናት። በሬዲዮ የምንሰማው «ኤልኒኖ» ከዚሁ ቋንቋ ይሆን ብላ ጠየቀች። መልስ 21 አገር ቤት በግብርና ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ነው። አዎ አላት። ኒኞ ልጅ ነው፣ ኤል ኒኞ ሲባል ግን ሕፃኑ ኢየሱስ። በሰሜን ፔሩ የፓይታ ዓሣ አስጋሪዎች የባሕሩ ውኃ ገና አካባቢ እየሞቀ ዓሣው ሲጠፋባቸው ያወጡት ስም ነው። ቀዝቃዛው ሲመጣ ደግሞ ላ ኒኛ ተባለ፣ ልጅቷ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኤል ኒኞው ዓመት ክረምቱ ሳይመጣ ቀርቶ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ሲፈልግ፣ እሱ በነበረበት ወረዳ ያሉ አርሶ አደሮች ስሙን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። አንድ ሽማግሌ ይሄ ኤልኒኖ የሚባለው ሰውዬ ማን ልኮብን ነው ብለው ስብሰባ ላይ መጠየቃቸውን ጻፈ። ልጅ ማለት መሆኑን ቢነግራቸው ምን ይሉ ነበር ይሆን?

አንድ ነገር እኔም ልጨምር። ኒኖ የሚለው አነጋገር ከእንግሊዝኛ የመጣ ስህተት ነው። የስፓኒሹ ድምፅ ለኛ ችግር አይደለም፣ «ኘ» ፊደል አለን። ሌላው ዓለም ከላዩ ምልክት የሚቀጥልበትን ድምፅ እኛ ከነቤተሰቡ ሰባት ፊደል አዘጋጅተንለት ቁጭ ብለናል። አልተጠቀምንበትም።

መልስ 22 እስከ 25 ስለ ድርቅ፣ ስለ እርዳታ እህልና ስለ መንግሥት ነው። አወያይዋ ቆረጠችው። መልካም አደረገች። መልስ 26 ደግሞ ኳስ አመጣ፤ ኮሎምቢያዊው ቫልዴራማ ለምን «ኤል ፒቤ» እንደሚባል፣ ፒቤ የአርጀንቲናዎች የልጅ ስም መሆኑን፣ የሜክሲኮው ቺቻሪቶ ትንሹ አተር ማለት መሆኑንና አባቱ አተር ይባሉ ስለነበር እንደወረሰው ነገረን። ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

መልስ 28 ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጸሐፊዋ ሂዩስተን ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ስፓኒሽ ስትማር -ኢቶ ማለት ትንሽ ማለት ነው ተብላ ነው የተማረችው። ሥራ ከጀመረች በኋላ አንዲት ሜክሲኳዊት አሮጊት ሆዳቸውን ይዘው መጡ። «ዶሎርሲቶ» አለብኝ አሉ። ዶሎር ሕመም ነው፣ ዶሎርሲቶ ትንሽዬ ሕመም። እሷም ቀለል ያለ ነው ብላ ልትጽፍ ስትል አብራት የምትሠራው ሜክሲኳዊት እጇን ያዘቻት። ሴትዮዋ ትሑት ስለሆኑ ነው፣ ሕመሙ ትንሽ ስለሆነ አይደለም አለቻት። ትርፍ አንጀት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህችን ቅጥያ እንደ መለኪያ አታያትም። ሰውየው ለማስቸገር አልመጣሁም የሚልበት መንገድ ናት። መርፌው መርፌዬ፣ ክኒኑ ክኒንዬ፣ ውለታው ውለታዬ ይሆናል፤ የሚጠየቀው ነገር እንዲቀልል ተብሎ ነው። ሜክሲኮዎች «አኦራ» የሚለውን አሁንን እንኳ «አኦሪታ» ብለው ያቆላምጡታል። አኦሪታ እመጣለሁ ያለ ሰው መቼ እንደሚመጣ ግን አምላክ ያውቃል።

መልስ 29 ቀጠለና ተቃራኒውን አሳየ። ይህችው ቅጥያ ሰው ታዋርዳለች። ዶክቶር ሐኪም ነው፣ ዶክቶርሲቶ ሲባል ግን እንደ አነጋገሩ ትናንት የተመረቀ፣ ምንም የማያውቅ ልጅ ይሆናል። አቦጋዲቶ ጠበቃ ተብዬው።

ለኔ የክሩ ቁምነገር ከዚህ ቀጥሎ ነው ያለው። መልስ 30 ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። በእርስዎ ነው ሰው ሁሉ የመለሰላቸው። እኛም ይህ ነገር አለን፣ ግን ጫፍ ላይ አንቀጥለውም፣ ጾታውን እንለውጠዋለን አሉ። ትንሽ ልጅ ወንድ ሆኖ ሳለ ነይ የኔ ቆንጆ፣ በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ ይባላል። ትንሽ ቤት ቤቷ ደስ ትላለች እንላለን። አዲስ መኪና የገዛ ሰው መኪናዋን ያሻሻታል። -ዬም አለችን፣ ትንሽዬ፣ ልጅዬ እንላለን፤ ከስፓኒሹ ጋር ብዙ አትራራቅም። ከዚያ ደግሞ ወደ ስድቡ ዞሩ። አንድን ሰውዬ ይቺ ሰውዬ ያልነው እንደሆነ አቆላመጥነው ማለት አይደለም። ያው አንቺ ናት፤ ለሕፃን ሲሆን እቅፍ፣ ለጎረምሳ ሲሆን ጥፊ።

የዶክቶርሲቶ ነገር እዚህ ጋ ነው የገባኝ። ትንሽ ማድረግ ማቀፊያም መናቂያም ይሆናል። ሲፖቴን የሚጠራው አፍ የማን ነው፣ ልጁ በየትኛው ዕድሜ ላይ ነው፣ ይህን ሳያዩ መዝገበ ቃላት መግለጥ ድካም ነው። ሞግዚቷ ሲፖቴ ያለችው ጎረቤቷን ቢሆን ኖሮ እኔም ከባልየው ጋር እቆም ነበር።

መልስ 31 ግን መምህሩን ተቃወመ። ወንድ ልጅን አንቺ ማለት ማሞላቀቅ ነው፣ እኔ ልጄን እንዲህ አላስደርግም አለ። መልስ 32 የማድሪዱ ሰው ነበር። ሁሉም ለጠብ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። እሱ ግን የጎንደር ልጅ መሆኑን፣ አያቱ እስኪሞቱ ድረስ አንቺ እያሉ እንደጠሩት፣ ጢም ካበቀለ በኋላ እንኳ እንዳልተዉት፣ ማንም ሞላቃ ብሎት እንደማያውቅ ጻፈ። ስለ ሲፖቴ አንድም ቃል አልተነፈሰም። መልስ 31 ደግሞ አልመለሰለትም። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ከቅድም ጀምሮ ባለጌ ስፓኒሽ እያለ ሲከራከር የነበረ ነው።

ከ33 እስከ 38 የሃይማኖት ጠብ ነው። ምክንያቱ አንድ ሰው የላቲን አሜሪካ ሰዎች እግዚአብሔርን «ዲዮሲቶ» እንደሚሉት መጻፉ ነው፤ ዲዮስ አምላክ፣ ዲዮሲቶ አምላኬዋ እንደማለት። ልጆቻቸውን ኢየሱስ ብለው ሰይመው ደግሞ በቁልምጫ «ቹይ» እንደሚሏቸው ጨመረበት። አንዱ ይህ ድፍረት ነው አለ። አንዷ ተክልዬ፣ ገብርዬ፣ አርሴማዬ የሚለው ማን ነው ብላ መለሰችለት። አንዱ ቅዱሳንና ፈጣሪ አንድ አይደሉም አለ። ልክ ነው፣ አይደሉም። ግን ዲዮሲቶ የምትል አሮጊት አምላክን አሳነሰች የሚል ሰው ጭንቅ ላይ ስትሆን ሰምቷት አያውቅም። እዚህ ላይ የቀሩትን መልሶች አልፋቸዋለሁ፤ ጥቅስ መወራወር ነው።

እናትየው የተመለሰችው መልስ 39 ላይ ነው። ልጇን ልትወስድ ስትሄድ አንዲት ሳልቫዶራዊት የሥራ ባልደረባዋን ይዛ ሄደች፣ እንድታስተረጉምላት። ሞግዚቷ ጥያቄውን ስትሰማ መጀመሪያ ቅር አላት። ቀጥሎ ሳቀች። ከምሥራቅ ኤል ሳልቫዶር፣ ከላ ኡኒዮን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጦርነቱ ጊዜ ነው የመጣችው። ሲፖቴ ሳትባል ያደገ ልጅ አላውቅም አለች። አገሯ ላይ ሲፒቲዮ የሚባል የተረት ልጅ አለ። እግሩ ወደ ኋላ የዞረ፣ ትልቅ ባርኔጣ የሚያደርግ፣ አመድ የሚበላ፣ ወንዝ ዳር የሚታጠቡ ልጃገረዶችን በጠጠር የሚመታ፣ መቼም የማያድግ ልጅ። ያንቺም ልጅ ትናንት የአበባ ማሰሮውን አፈር በልቷል፣ ሌላ ምን ልበለው ብላ ጠየቀቻት።

ከዚያ ሞግዚቷም ጥያቄ ነበራት። የልጁን የውኃ መጠጫ አምጥታ አሳየች። ወገቡ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ በላቲን ፊደል በጥቁር ቀለም «ማሙሽ» ተጽፎበታል። ጃኬቱ ኮሌታ ላይም፣ የምሳ ዕቃው ክዳን ላይም እንደዚያው። እናትየው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቻው ማሙሽ ስትለው ሰምታ ስሙ ነው ብላ ነበር። ባለፈው ሐኪም ቤት የሚሰጥ ወረቀት ስትሞላ ሌላ ስም አይታ ግራ ገብቷት ከርሟል። የሌላ ልጅ ወረቀት ነው የተሰጠኝ ብላ ደብቃ አስቀምጣዋለች።

ባልየው ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ አልተጻፈም። ሞግዚቷ ግን አልተቀየረችም።

የቀሩት መልሶች ወደ ሆድ ሄዱ። መልስ 40 ሴትዮዋ ፑፑሳ፣ የሳልቫዶራውያንን የበቆሎ ቂጣ፣ ትሠራለች ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ 41 ፑፑሳ ላይ የሚጨመረው የጎመን አቻር ከበያይነቱ ጋር ቢቀርብ እንደሚሄድ ምሎ ተናገረ። መልስ 42 አልስማማም አለ፣ ሆምጣጤ እንጀራ ላይ አይገባም ብሎ። መልስ 43 ደግሞ ሴፕቴምበር ላይ ለልጇ ቦታ የምትፈልግ ነፍሰ ጡር ናት፤ የሞግዚቷን ስልክ ቁጥር በውስጥ መስመር እንድትልክላት ለመነች። እናትየው መልስ 44 ላይ አዝናለሁ አልሰጥም አለች፣ ለሁለተኛው ልጄ ቦታውን ይዤዋለሁ።